«ቁጥሩ ስንት ነው?»፦ የስፕሪንግፊልድ 1903 ጠመንጃ ጉዳይ

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ የጦር ሠራዊት ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ስፕሪንግፊልድ 1903 ገዝቶ ብቅ ሲል ጓደኞቹ ዋጋውን አይጠይቁትም። «ቁጥሩ ስንት ነው?» ነው የሚሉት፤ ብረቱ ላይ የታተመውን መለያ ቁጥር ማለታቸው ነው። ከ800,000 በላይ ከሆነ እንኳን ደስ ያለህ ይባላል። ከዚያ በታች ከሆነ ወሬው ቀዝቀዝ ይላል። አንዱ «እንዳትተኩስበት፣ ሊፈነዳብህ ይችላል» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «አያቴ ዕድሜ ልኩን ተኩሶበታል፣ ምን ሆነ?» ብሎ ይነሳል። ክርክሩ ከተጀመረ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። አሁንም አልበረደም።

እኔ «አትተኩስበት» ከሚሉት ወገን ነኝ። ግን ሁለቱም ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚነታረኩት ዋናው ባልሆነ ነገር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እናንሳው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1898 ኩባ ላይ አሜሪካኖች ከስፔን ጋር ሲዋጉ ስፔኖቹ የታጠቁት የጀርመኑ ማውዘር ምን ዓይነት ጠመንጃ እንደሆነ በደማቸው ተማሩ። ከዚያ ተመልሰው የራሳቸውን ሠሩ። «የራሳቸው» የምለው በይሉኝታ ነው፤ ብዙው ነገር ከማውዘር የተቀዳ ነበር። እንዲያውም ለባለ መብቱ 200,000 ዶላር ከፍለዋል። ጠመንጃው ሞዴል 1903 ተባለ። መጀመሪያ ላይ የተመረተው በሁለት የመንግሥት ፋብሪካዎች ነው፦ ማሳቹሴትስ ባለው ስፕሪንግፊልድና ኢሊኖይ ባለው ሮክ አይላንድ። ከ1906 ጀምሮ የሚተኩሰው ጥይት ዛሬም አዳኞች የሚወዱት ሰርቲ ኦት ሲክስ (.30-06) ነው። አረሩ 10 ግራም አይሞላም፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ፍጥነት የሚሰጠው ግፊት በስኩዌር ኢንች 50,000 ፓውንድ አካባቢ ይደርሳል።

ይህን ግፊት ችሎ የሚቆመው ሪሲቨር የሚባለው ክፍል ነው። በርሜሉ ከፊት ይጠመዘዝበታል፤ መቀርቀሪያው ደግሞ በውስጡ ይመላለሳል። የጠመንጃው ቤት በሉት። ቁጥሩም የሚታተመው እሱ ላይ፣ ከፋብሪካው ስም ሥር ነው። ተኳሹ ሲያነጣጥር ዓይኑ ከዚህ ብረት የሚርቀው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ይህን ርቀት አስታውሱልኝ።

ሪሲቨሩ የሚሠራበት ብረት ካርቦኑ አነስተኛ ነው። ብረቱ በእሳት ግሎ ይቀጠቀጣል፣ ቅርጽ ይይዛል፣ ይሞረዳል። ከዚያ ከአጥንት ከሰል ጋር ታሽጎ እቶን ይገባና ወደ 815 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ካርቦኑ ከአጥንቱ እየወጣ ወደ ብረቱ ቆዳ ይሰርጋል። በመጨረሻ ዘይት ውስጥ ይነከራል። የታሰበው ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ለስለስ እንዲል ነው። ላዩ መፋተግን ይችላል፣ ውስጡ ምትን ይችላል።

አሜሪካ በሚያዝያ 1917 አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባች። ፋብሪካዎቹ ሌት ተቀን መሥራት ጀመሩ። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ጠመንጃ ፈነዳ የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ፈነዳ ሲባል በርሜሉ ተከፈለ ማለት አይደለም። ሪሲቨሩ ራሱ ተሰባብሮ ተበተነ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ጥይቱ ነው። ጥርጣሬው ትክክል ነበር። አንድ የግል ፋብሪካ ያቀረበው ጥይት የቀለሁ ናስ ከታች በኩል ከሚገባው በላይ የለሰለሰ ሆኖ ተገኘ። ለስላሳ ናስ ግፊቱን መያዝ አይችልም፤ ይቀደዳል፣ ጋዙም ወደ ኋላ ያፈተልካል። ጥፋተኛው ተገኘ ተብሎ ፋይሉ ሊዘጋ ይችል ነበር። መርማሪዎቹ ግን አንድ ጥያቄ ጨመሩ። ቀለሁስ ይቀደድ፤ ብረቱ ለምን ተሰባበረ? ደህና ብረት ግፊት ሲበዛበት ይለጠጣል፣ ይነፋል፣ ይጎብጣል። ይሄኛው ግን እንደ ሸክላ ነው የረገፈው። ያልፈነዱ ሪሲቨሮች ወስደው በመዶሻ ሲመቷቸው አንዳንዶቹ እዚያው ተሰበሩ። የ50,000 ፓውንድ ግፊት እንዲሸከም የተሠራ ብረት በመዶሻ!

ጉዳዩን የተከታተለው የመሣሪያ ክፍል መኮንን ጁሊያን ሐቸር ነው። በኋላ ሜጀር ጄኔራል ሆኗል፤ መዝገቡንም በ1947 ለሕዝብ አሳትሞታል። ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከሱ የመጣ ነው። ምርመራው ወደ እቶኑ ክፍል ሲገባ የተገኘው ነገር ይገርማል። ሙቀቱን የሚለካ መሣሪያ አልነበረም። የሚለካው ዓይን ነው። ዓመታት የሠሩ አንጋፋ ሠራተኞች የጋለውን ብረት ቀለም አይተው «በቃው» ይላሉ፤ ይወጣል።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ የአገራችን ቀጥቃጭ ነው። እሱም ወናፉን እያስነፋ ቀለም አይቶ ነው ማረሻ የሚያወጣው። የሚሠራው ግን ጎጆ ውስጥ፣ ጥላ ስር ነው። ይህ ዝም ብሎ ልማድ አይደለም። የጋለ ብረት ቀለም ብርሃን ላይ ይደበዝዛል። ፀሐይ ላይ ገና ደብዛዛ ቀይ የሚመስለው ብረት ጨለማ ውስጥ ቢታይ ብርቱካናማ ሆኖ ሊያበራ ይችላል።

ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። ሲለካ፣ አንጋፋዎቹ «ትክክል» የሚሉት ሙቀት ፀሐይ በወጣበት ቀን ደመና ከዋለበት ቀን እስከ 300 ዲግሪ ፋራናይት ይበልጥ ነበር። በሴንቲግሬድ 165 ገደማ መሆኑ ነው። ሠራተኞቹ ሰነፎች አልነበሩም። ሙያቸውን አሳምረው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ዓይናቸውን ያታለለው መስኮቱ ነው።

ብረት ከልክ በላይ ሲሞቅ ውስጡ ያሉት ቅንጣቶች ያድጋሉ፣ መያያዣቸውም ይደክማል። በጣም ካለፈ ደግሞ ብረቱ «ተቃጠለ» ይባላል። ያረረ ሽሮ ውሃ ቢጨመርበት ማረሩ አይለቅም። የተቃጠለ ብረትም እንደዚያው ነው። ፋብሪካው አሮጌዎቹን ሪሲቨሮች እንደገና አሙቆ ለማዳን ሞክሮ ነበር፤ አጥጋቢ ውጤት አልተገኘም።

እዚህ ላይ «ጠመንጃ ከፋብሪካ ሲወጣ አይፈተንም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይፈተናል። እያንዳንዱ ጠመንጃ 70,000 ፓውንድ ግፊት በሚፈጥር ልዩ ጥይት ተተኩሶ ነው የሚያልፈው። የፈነዱትም አልፈው ነበር። ፈተናው ያሳየው ቀለሁ ደህና እስከሆነ ድረስ ብረቱ ግፊት እንደሚችል ብቻ ነው። ድንገተኛ ምትን ይችል እንደሆነ አልጠየቀውም። የጉዳዩ ቁልፍ ይሄ ነው፤ ብዙዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ጥይት ሲጎርስ ቀለሁ ሙሉ በሙሉ በብረት አይከበብም። በ1903 ላይ የበርሜሉ የኋላ አፍ ጥይቱ በቀላሉ እንዲገባ እንደ ጡሩምባ አፍ ሰፋ ተደርጎ ነው የተቆረጠው። በዚህ የተነሳ ከቀለሁ ታችኛው ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ናስ ደጋፊ አጥቶ ይቀራል። የናሱ ወፍራም ቦታ ስለሆነ ሁሉም ደህና ሲሆን ችግር የለውም። ናሱ ከለሰለሰ ወይም ከሳሳ ግን እዚያ ላይ ይተነፍሳል። የ50,000 ፓውንድ ጋዝ በቅጽበት ሪሲቨሩ ውስጥ ይለቀቃል። ይህ ብረቱ እንዲሸከም የተሠራለት ግፊት አይደለም፤ ከውስጥ የሚመታ መዶሻ ነው። ደህና ብረት ይጎዳል እንጂ አይበተንም። የተቃጠለው ይረግፋል። ማውዘር በ1898 ሞዴሉ ላይ ለእንዲህ ያለው ቀን ብሎ ከመቀርቀሪያው ኋላ ጋዝ የሚመልስ ሰፋ ያለ ከንፈር ሠርቶ ነበር። አሜሪካኖቹ ከማውዘር ብዙ ቀድተው ይቺን ተዉዋት።

መፍትሔው ሲገኝ ቀላል ሆነ። እቶኖቹ ላይ ፓይሮሜትር፣ ማለትም የሙቀት መለኪያ፣ ተገጠመ። ብረቱም ሁለት ጊዜ እንዲታከም ተደረገ፦ ዘይት ከተነከረ በኋላ እንደገና ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሞቆ ይነከራል፣ በመጨረሻም በዝቅተኛ ሙቀት ይለዝባል። ስፕሪንግፊልድ ይህን የጀመረው በየካቲት 1918፣ ቁጥሩ 800,000 ላይ ሲደርስ ነው። ሮክ አይላንድ በዚያው ዓመት ከቁጥር 285,507 ጀመረ። የመጀመሪያው ቁጥር እንዲህ ድፍን መሆኑ ራሱ ይናገራል፤ ድንበሩ የተሰመረው በግምት ነው።

ከድንበሩ በታች የቀረው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጠመንጃ ነው። ሁሉም መጥፎ አይደለም። ብዙው ደመና በዋለበት ቀን ወይም ጠንቃቃ ሰው እጅ ላይ የተሠራ ደህና ብረት ነው። ችግሩ ደህናውን ከመጥፎው ለመለየት ሳይሰብሩት የሚፈትኑበት መንገድ አልነበረም። ቁጥሩ ጠመንጃው የተሠራበትን ጊዜ ይነግራል። በዚያ ቀን ፀሐይ ትውጣ አትውጣ አይነግርም።

ጦርነቱ አለቀ፤ ጠመንጃዎቹ ግን አገልግሎት ላይ ቆዩ። በ1927 አንድ ቦርድ ተሰየመና ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸው በሙሉ ይወገዱ አለ። ውሳኔው የመሣሪያ ክፍሉ ከፍተኛ መኮንን ብርጋዴር ጄኔራል ሳሙኤል ሆፍ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። የሰውዬው መልስ ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው። አደጋው ሊበዛ እንደሚችል አመነ። ከጠመንጃዎቹ አንዳንዶቹ ግን በርሜል እስኪቀያየርላቸው ድረስ ያለ ችግር ያገለገሉ መሆናቸውንም አነሳ። ስለዚህ ወታደሩ እጅ ያሉት ይቆዩ፤ ከመጋዘን ግን አዲስ አይሰጥ፤ ለጥገና የመጣው ሪሲቨሩ ይጣል፤ መጋዘን ያለው ለጦርነት መጠባበቂያ ይቀመጥ አለ። በ1928 ይኸው ጸደቀ። ሰላም ሲሆን የማይሰጥ፣ ጦርነት ሲመጣ የሚሰጥ መሣሪያ ማለት ነው። በሰውዬው ለመፍረድ አልቸኩልም። በጀት በሌለበት ዘመን አንድ ሚሊዮን ጠመንጃ ጣሉ ማለት ቀላል አይደለም።

መጠባበቂያው እንደተፈራው አስፈለገ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በ1942 ፓስፊክ ውስጥ ባለችው ጓዳልካናል ደሴት ላይ የወረዱት የአሜሪካ ማሪኖች 1903 ይዘው ነበር። ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸውም ይገኙባቸው ነበር።

የሐቸር መዝገብ ከ1917 እስከ 1929 ድረስ 68 የፈነዱ ሪሲቨሮችን ይዘረዝራል። ሦስት ሰዎች አንድ ዓይናቸውን አጥተዋል። ስድስት ክፉኛ ተጎድተዋል። ሠላሳ አራቱ ቀላል ጉዳት ነው የደረሰባቸው። የሞተ አልተመዘገበም። አንድ ስንዝር ያልኳችሁን ርቀት አሁን መልሳችሁ አስቡት።

ምክንያቶቹ ሲታዩ ሦስት ነገሮች ይደጋገማሉ። አንዱ ያልነው መጥፎ ቀለህ ነው። ሁለተኛው በርሜል ውስጥ የተረሳ ነገር ነው፦ ጨርቅ፣ ወይም ወጥቶ ያላለቀ አረር። ሦስተኛው ያስገርማል፤ የጀርመን ጥይት ነው። የማውዘር 8 ሚሊ ሜትር ጥይት ከአሜሪካኑ አጠር ስለሚል ጉሮሮው (ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ) ውስጥ ይገባል፣ መቀርቀሪያውም ይዘጋል። አረሩ ግን ከበርሜሉ ይወፍራል። ሲተኮስ በግድ ተጨምቆ ነው የሚወጣው፤ ግፊቱም ሰማይ ይነካል። ከአውሮፓ የተመለሰ ወታደር ኪሱ ውስጥ ለማስታወሻ የያዘው አንድ ጥይት ከሌሎቹ ጋር ከተቀላቀለ በቃ።

68ን ከአንድ ሚሊዮን ጋር አስተያይቶ «ከ16,000 አንድ ነው፣ ይሄ አደጋ ይባላል?» የሚል ክርክር አለ። ስሌቱ ልክ ነው። ግን የሚቆጥረው በመዝገብ የገቡትን፣ በሠራዊቱ እጅ የነበሩትን፣ በፋብሪካ ጥይት የተተኮሱትን ነው። የዛሬው ተኳሽ ሁኔታ ሌላ ነው። እሱ ጥይቱን ጋራዡ ውስጥ በገዛ እጁ ነው የሚሞላው።

ወደዚህ ነው ስመጣ የነበረው። አሮጌ ጠመንጃ የሚወድ ሰው ቀለሁን መልሶ መሙላቱ የተለመደ ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ያጸዳል፣ በመጭመቂያ ወደ ልኩ ይመልሰዋል፣ አዲስ ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን) ይገጥምለታል፣ ባሩድ በሚዛን ለክቶ ይጨምራል፣ አረር ይሰካበታል። ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ስፕሪንግፊልድ የያዘ ሰው ደግሞ መፍትሔ ያገኘ ይመስለዋል። «ደካማ ጥይት እሞላለታለሁ» ይላል። የእርሳስ አረር፣ ትንሽ ባሩድ፣ ግማሽ ግፊት። አሳማኝ ይመስላል።

አሁን ያየነውን ታሪክ ይዘን እንፈትነው። ጠመንጃዎቹን የሰበራቸው መደበኛ ግፊት አልነበረም፤ ያንንማ 70,000 ድረስ ችለውታል። የሰበራቸው ስህተት ነው። ደካማ ጥይት ግፊቱን ይቀንሳል፣ ለስህተት ግን በር ይከፍታል።

ለምን? የሰርቲ ኦት ሲክስ ቀለህ ለሠራዊት ጥይት 50 ግሬን ገደማ (ከ3 ግራም ጥቂት የሚበልጥ) ባሩድ ይይዛል። ለደካማው ጥይት የሚገባው ፈጣን ባሩድ ከ10 እስከ 13 ግሬን ነው። ቀለሁ ውስጥ ሲገባ ከታች ይቀመጣል፣ ከላይ ብዙ ባዶ ቦታ ይቀራል። ስልክ ጮኸ፣ ልጅ ጠራህ፣ ተመልሰህ ያንኑ ቀለህ ሁለተኛ ጊዜ ሞላህ እንበል። አይፈስም። እንዳልተሞላ ሆኖ ይቀመጣል። ሙሉ ጥይት ቢሆን ኖሮ ባሩዱ ጠረጴዛ ላይ ፈስሶ ያጋልጥህ ነበር። በተቃራኒው ደግሞ ባሩዱ ካነሰ ወይም ከተረሳ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ይመጣበታል። ከሐቸር ዝርዝር ሁለተኛው ምክንያት ይኸውላችሁ።

የቀለሁም ነገር አለ። ናስ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፣ መጭመቂያው ይመልሰዋል፣ በየዙሩ ከታችኛው ጫፍ ከፍ ብሎ ያለው ግድግዳ ይሳሳል። ጉሮሮው በሰፋ አሮጌ ጠመንጃ ሲሆን ይፈጥናል። ይህን ለመያዝ የቆየ ዘዴ አለ። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ቀጥ አድርጉና ጫፉን በትንሹ እጠፉት። ቀለሁ ውስጥ አስገብታችሁ ከሥሩ ወደ ላይ ግድግዳውን እያሸ ይውጣ። ደህና ከሆነ ሽቦው ሳይነካካ ይንሸራተታል። ከሳሳ አንድ ቦታ ላይ ቀጨም ያደርጋችኋል፣ ጥፍር ስንጥቅ ላይ እንደሚይዘው። ከውጭም እዚያው ትይዩ ላይ ቀጭን የሚያበራ ቀለበት ይታያል። ያ ቀለህ ለቅርጫት ነው። አይሳሳም ብሎ የሚከራከር አለ፤ በጠነከረ ሪሲቨር ላይ ቢከራከር ደስ ይለኛል።

ስለዚህ «ደካማ ጥይት» ለማያሰጋው ነገር መድኃኒት ነው። የሚያሰጋው ብረቱ ስህተት ይቅር አለማለቱ ነው። ጥይት እየሞላ ስህተት የማይሠራ ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔንም ጨምሮ።

እዚህ ላይ ለኛ ሰዎች አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው ተሸጠዋል። ካርካኖ አለበት፣ ማውዘር አለበት፣ ውጅግራም አለበት፤ «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስሙ ነው በኛ አፍ ውጅግራ የሆነው። የአያቶቹን መሣሪያ ግድግዳው ላይ መስቀል ያማረው የዲያስፖራ ሰው ቢገዛ አይፈረድበትም። ለነዚህ ግን 800,000 የሚባል ድንበር የለም። እያንዳንዱን ጠመንጃ የሚያውቅ የጠመንጃ ባለሙያ ሳያየው አታጉርሱት። ውጅግራ በተለይ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው፤ የዛሬ ጭስ አልባ ባሩድ እንደ መደበኛ ጥይት የሚሞላለት ሰው ከስፕሪንግፊልዱ የባሰ ነገር እየሞከረ ነው።

የአሜሪካ ሲቪሎች የተኩስ ፕሮግራም የሠራዊቱን ትርፍ ጠመንጃ ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት ነው። የነዚህን ዝቅተኛ ቁጥሮች ባለቤቶች በምንም ዓይነት ጥይት እንዳይተኩሱ ይመክራል። በደካማም፣ በጠንካራም። ሻጩ ራሱ እንዲህ ካለ እኔ የምጨምረው የለኝም። ተኩስ ያማረው ሰው ቁጥሩ ከፍ ያለውን ይፈልግ፤ ገበያው ላይ አይጠፋም። ዝቅተኛ ቁጥር ያለው በእጁ ያለ ደግሞ የተኩስ መርፌውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጥ፤ እንግዳ መጥቶ «አንዴ ልሞክረው» ሲለው የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።